የሱቅ ሰዓትና የቤት ሰዓት

በቤቱ ተቀምጦ የሚነግድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር የሥራውን ሰዓት ከቤተሰቡ ሰዓት መለየት ነው። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ከተሞች በጎዳና ዳር የኖረ ባለ ሱቅ ሁሉ ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው። አዲስ የሆነው፣ ይህን ልማድ ያልወረሰ አንድ የንግድ ዓይነት በየከተማው ተነሥቶ ብዙ ወጣት ባለትዳሮችን መያዙ ነው። ይኸውም ፍሪላንስ በሚባለው አኳኋን በግል የሚሠራው የድረ ገጽ ሥራ ነው። ሥራው ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፣ የሠሪው የቤት ኑሮ የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለመመልከት ቆቦን መውሰድ ይጠቅማል። ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ሜዳ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ ይመረታል፤ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ከብቱና ፍየሉም ከሜዳው ወደ ገበያዋ ይነዳል። እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በቆቦም የመንገድ ዳር ቤት ብዙውን ጊዜ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። ባለ ሱቁን ከሚስቱና ከልጆቹ የሚለየው አንድ መጋረጃ ወይም አንድ ሳንቃ ነው፤ ነገር ግን ያ ሳንቃ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ሲመሽ መዝጊያው ይዘጋል፤ ሚዛኑ ይነሣል፤ የዕለቱ ገንዘብ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ነጋዴነቱ ቀርቶ አባትና ባል ይሆናል። ሌሊት የሚያንኳኳ ቢኖር ለታመመ ሰው ወይም ለመንገደኛ ካልሆነ በቀር «ነገ በጧት ና» ይባላል፤ ደንበኛውም በዚህ አይቀየምም።

ድረ ገጽ ሠሪው ይህ ሳንቃ የለውም። ሥራው የሚፈልገው አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ስልክና የኢንተርኔት መስመር ነው። የሱቅ ኪራይ፣ የመጋዘን ዘበኛና የጫኝ አውራጅ ዋጋ አይከፍልም። ለአዲስ አበባ ላኪ ቡናውንና ሰሊጡን ለውጭ ገዢ የሚያሳይበትን ገጽ ያዘጋጃል፤ ለላሊበላ ባለ ሆቴል እንግዳው ከሩቅ ሆኖ ክፍል የሚይዝበትን መንገድ ይሠራል፤ በዋሺንግተን ምግብ ቤት ለከፈተ ኢትዮጵያዊ የምግቡን ዝርዝር ከነዋጋው ያወጣል። እንደ አፕወርክ ባሉ የሥራ ማገናኛዎችም በኩል ፊቱን አይቶት ከማያውቀው የባሕር ማዶ ሰው ሥራ ይቀበላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የሀገር ውስጥ ደንበኛ ሒሳቡን ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሊከፍለው ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ሙያ ለማስተማር ዕቅድ መክፈቱ፣ ወደዚህ ሥራ የሚገባው ሰው ገና እንደሚበዛ ያመለክታል።

ለራያ ሜዳ ይህ ሙያ ልዩ ጥቅም አለው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት እንጀራ ፍለጋ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄድ ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያች ሀገር መመለሳቸው፣ የዚያ መንገድ እንጀራ ምን ያህል የማያስተማምን እንደ ሆነ ለሁሉ አሳይቷል። በዚያ መንገድ የተገኘው ገንዘብ ከእናት፣ ከትዳርና ከልጅ በመለየት የተገዛ ነበር። ድረ ገጽ ሠሪው ግን የሪያዱን ወይም የዱባዩን ነጋዴ ገንዘብ ቆቦ ላይ ተቀምጦ ሊያገኝ ይችላል። ከቤተሰብ ሳይለዩ የሩቅ ገበያ ገንዘብ ማግኘት የሙያው ዋና ትርፍ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ከቤተሰቡ የሚለይ ከሆነ፣ ዋናው ትርፍ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ወጣ ማለት ነው።

ሰው በቤቱ እያለ እንዴት ይለያል ቢሉ፣ መጀመሪያ በሰዓት ነው። የኒው ዮርክ መሥሪያ ቤት በጧቱ ሲከፈት በኢትዮጵያ እንደ ወራቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል፤ ሲዘጋ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ልጆቹ ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ጊዜ ነው፤ የሚጨርሰውም ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። የዱባይ መሥሪያ ቤት ደግሞ በኢትዮጵያ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ተከፍቶ መልስ ይጠብቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ በኒው ዮርክ ዓርብ የሥራ ቀን ነው። ሁለቱን ደንበኞች አንድ ላይ የያዘ ሰው ሁለቱም የሚያርፉበትን ቀን ቢፈልግ ቅዳሜን ብቻ ያገኛል፤ የቆቦውን ባለ ሱቅ ከጨመረበት ግን ቅዳሜም ይሄዳል። ክርስቲያኑ ሰንበቱን፣ ሙስሊሙ ጁምዓውን ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፍበት ጊዜ በዚህ ዓይነት ሳይታወቅ ያልቃል።

ሁለተኛው ምክንያት መብራትና መስመር ነው። ቀን መብራት ከጠፋ ወይም መስመሩ ከደከመ ሥራው ወደ ሌሊት ይዛወራል፤ የተቀጠረው ቀን ግን አብሮት አይዛወርም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ሥራው በዓይን አለመታየቱ ነው። ልብስ ሰፊ መኪናው ሲጮህ ይሰማል፤ ባለ ወፍጮ ዱቄት ለብሶ ይታያል። ድረ ገጽ ሠሪው ግን ለጎረቤት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ዘመድ መልእክት ይልከዋል፤ ጎረቤት ዕቃ ጠብቅልኝ ይለዋል፤ ለቅሶና ሠርግ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው። እርሱም በሐሳቡ የያዘው ሥራ በተቋረጠበት ቁጥር ይበሳጫል፤ ብስጭቱንም የሚቀበሉት ጥፋት የሌለባቸው ልጆች ናቸው። ሚስቱም በበኩሏ እውነተኛ ቅሬታ አላት። ልጆቹን ዝም የምታሰኝ፣ እንግዳውን የምትመልስ፣ ሌሊት ቡና የምታፈላ እርስዋ ናት፤ ይሁን እንጂ ይህ ድካም በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ሠሪዋ ሴት በሆነች ጊዜ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ይሆናል። ባል ሲሠራ ቤቱ ጸጥ ይልለታል፤ ሚስት ስትሠራ ግን እንጀራውም፣ ውሃውም፣ ሕፃኑም እርስዋኑ ይጠብቃሉ። ብዙዋ ሴት የደንበኛዋን ሥራ የምትጀምረው የቤቱን ሥራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

በዚህ ላይ የሚቃወም ሰው አይጠፋም። ሰውየው ከቤቱ መዋሉ ራሱ በረከት ነው፤ ልጆቹ አባታቸውን ያያሉ፤ እናትም ሕፃኗን ሳትለይ ገንዘብ ታገኛለች የሚል ይኖራል። አባባሉ እውነት አለበት። በተለይ ወደ ሩቅ ከተማ ሄዳ ለመቀጠር ለማትችል እናት ይህ ሙያ የከፈተላት በር ትልቅ ነው። ነገር ግን መታየትና መገኘት አንድ አይደሉም። ዓይኑ ከኮምፒዩተሩ ሳይነሣ «እሺ» የሚል አባት ለልጁ በሩቅ እንዳለ ሰው ነው። ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንደ ተባለው፣ በአንድ ሰዓት ሁለቱን ለመሥራት የሚሞክር ሰው ከሁለቱም ይጎድላል፤ ሥራው ስሕተት ይበዛበታል፤ ቤቱም ቅሬታ ይበዛበታል።

ነጋዴ ነገርን በሒሳብ ሲያየው ይቀለዋልና፣ ለምሳሌ አንድ ባለ ሱቅ በ30,000 ብር ድረ ገጽ እንዲሠራለት ተዋዋለ እንበል። ለስሙና ለማስቀመጫው ኪራይ፣ ለኢንተርኔትና ለመብራት 6,000 ብር ወጣ፤ 24,000 ብር ቀረ። ሥራው በ120 ሰዓት ያልቃል ተብሎ ታስቦ እንደ ሆነ ለአንዱ ሰዓት 200 ብር ይደርሳል። ውሉ በቃል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን ደንበኛው ዛሬ ቀለሙን፣ ነገ ሥዕሉን፣ ከነገ ወዲያ የዕቃውን ዝርዝር ያስለውጣል። በዚህ ሁኔታ ሥራው 300 ሰዓት ቢፈጅ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ወደ 80 ብር ይወርዳል። የተጨመረው 180 ሰዓት በየምሽቱ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሠራ 60 ምሽት ነው። ደንበኛው ለእነዚያ 60 ምሽቶች ምንም አልከፈለም፤ የከፈሉት ልጆቹና ሚስቱ ናቸው። በርካሽ ተገኘ የሚባለው ድረ ገጽ እንግዲህ ዋጋው ያልተቀነሰ፣ ከፋዩ ብቻ የተለወጠ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቤተሰቡን ከንግዱ ውጭ አያደርገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ባለትዳር ሰው ሌላው ተጋቢ ሳይቃወመው በንግዱ የገባበት ዕዳ የጋብቻው ዕዳ እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ገቢው የጋራ ከሆነ ስለ ገቢው መመካከርም የጋራ መሆን አለበት። የሥራን ሰዓት በተመለከተ ግን በግሉ የሚሠራው ሰው ጠባቂ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረ ሠራተኛ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትም 3 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለራሱ አሠሪም ሠራተኛም የሆነው ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፈረንሳይ ሕግ እንኳ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና መልእክት ስላለመመለስ መብት ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ሲያዝ፣ የተመለከተው የተቀጠረውን ሰው ነው። ስለዚህ ሕግ ያልሠራውን ሳንቃ ሠሪውና ደንበኛው ተስማምተው ሊሠሩት ያስፈልጋል።

ከደንበኛው፣ ማለት ከነጋዴው፣ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጥ፤ የዕቃውን ዝርዝር፣ ዋጋውንና ሥዕሉን ሥራው ሳይጀመር ያስረክብ። ቆርቆሮ ሲያስመጣ ስፋቱንና ውፍረቱን ጽፎ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ድረ ገጽም ሲያሠራ እንዲሁ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ከውሉ ውጭ የሆነ ለውጥ ራሱን የቻለ ዋጋ እንዳለው ይወቅ፤ ሁለት ጊዜ ማስተካከል በዋጋው ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል ቢባል ለሁለቱም ግልጽ ነው። ሦስተኛ፣ ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን በቅድሚያ፣ አንድ ሦስተኛውን በመካከል፣ የቀረውን በርክክብ ዕለት ይክፈል። የዱቤ ሽያጭ ለባለ ሱቁ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው፣ የሰው ጉልበት በዱቤ ሊወስድ አይገባውም። አራተኛ፣ ገጹ ፈጽሞ ካልተቋረጠ በቀር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አይደውል።

ይህ ለሠሪው ውለታ መዋል ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ፣ የነጋዴው ጥቅም በግልጽ ሊነገር ይገባል። የደከመ ሰው የሠራው ገጽ የዋጋ ስሕተት ይኖርበታል፤ የውጭ ገዢ የላከውን ትእዛዝ ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ቤቱ የታወከበት ሠሪ ሙያውን ትቶ ሲሄድ የገጹ መክፈቻ ቃል በእርሱ እጅ ይቀራል፤ ነጋዴውም የገዛ ሱቁን ቁልፍ አጥቶ ደጅ ይቆማል።

ሠሪውም በበኩሉ ከጎረቤቱ ባለ ሱቅ የሚማረው አለ። አንደኛ፣ የሥራ ሰዓቱን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ለአሜሪካ ደንበኛ የሚሠራ ከሆነም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ወስኖ የቀሩትን ለቤቱ ይተው። ሁለተኛ፣ ክፍል ባይኖረው እንኳ አንድ ጠረጴዛ ለይቶ፣ እዚያ ሲቀመጥ በሥራ ላይ መሆኑን፣ ሲነሣ ሱቁ መዘጋቱን ቤተሰቡም ጎረቤቱም እንዲያውቁ ያድርግ። ሲነሣም ስልኩ እዚያው ይቅር። ሦስተኛ፣ የንግዱን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ይለይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። የማስቀመጫ ኪራዩን በዶላር የሚከፍል፣ ከደንበኛው ጋር ግን በብር የተዋዋለ ሰው ልዩነቱን ከምን ይከፍላል? የተለየ መጠባበቂያ የሌለው ከሆነ ከልጆቹ ቀለብ ይከፍላል። አራተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትዳር ጓደኛው ጋር መዝገቡን ገልጦ፣ የገባውን፣ የወጣውንና ያልተከፈለውን ያሳይ። የማታውቀውን ንግድ የምትታገሥ ሚስት ጥቂት ናት፤ የምታውቀውን ግን ታግዛለች። ሠሪዋ ሚስት በሆነች ጊዜም ባል የቤቱን ሥራ በሰዓት ከፍሎ ይረከብ፤ የእርስዋም የሥራ ሰዓት እንደ እርሱ ይከበር። አምስተኛ፣ ሥራው ካደገ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለ ፈቀደ፣ የንግዱን ዕዳ ከቤቱ ንብረት ለመለየት የሚያስችለውን ይህን መንገድ ከሕግ ዐዋቂ ጋር ይመልከት።

ለቆቦና ለአካባቢዋ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተመላለሰባት ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ የማሽላ ነጋዴ እህሉ በጎተራው ይቆየዋል። ድረ ገጽ ሠሪው ግን መስመር ሲቋረጥ ሱቁም፣ መጋዘኑም፣ መንገዱም በአንድ ቀን ይዘጉበታል። በዚያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ደንበኞቹን ማጣት፣ ወይ ቤተሰቡን ትቶ መስመር ወዳለበት ከተማ መሄድ። የራያ ገበሬ ዝናብ የሚጎድልበትን ዓመት አስቦ እህል እንደሚያኖር፣ ሠሪውም ቢያንስ የሦስት ወር ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ያኑር። ከዚህም በቀር በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ሩቅ ከተማ ካለ አንድ የሙያ ጓደኛው ጋር ይዋዋል፤ በአንዱ ዘንድ መስመር ሲጠፋ ሌላው የደንበኞቹን ገጽ ይጠብቃል፤ ዋጋውንም ይካፈላሉ። ገበሬው በወንፈል የሚያውቀው ሥርዓት ነውና ለሀገሩ ሰው እንግዳ አይደለም።

የንግድ ምክር ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 መሠረት የቆሙት ምክር ቤቶች ባለ ትልልቅ መጋዘኑን ብቻ ሳይሆን ይህንንም በቤቱ የሚሠራ ነጋዴ በአባልነት ቢቀበሉት ይገባል። የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ የሥራውን ዝርዝር፣ የአከፋፈሉን ጊዜ፣ የለውጡን ዋጋ፣ የሥራውን ሰዓትና የመክፈቻ ቃሉን ርክክብ የያዘ የውል ናሙና አዘጋጅቶ ማደል ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት የንግድ ጠብ በግልግል የሚታይበት ተቋም ካቋቋመ ብዙ ዓመታት ሆኖታል፤ በየከተማው ያሉትም ምክር ቤቶች ትንሹን የ30,000 ብር ክርክር በጥቂት ቀን የሚጨርሱ ሽማግሌዎችን ከነጋዴውና ከሙያተኛው መርጠው ቢሰይሙ፣ የብዙ ቤት ሰላም ይጠበቃል።

ያለ ቤተሰብ ዕረፍት የቆመ ንግድ ከቤቱ የተበደረው ዕዳ እየበዛ ይሄዳል፤ የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለውም፣ ይህን ዕዳ በመጨረሻ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ በሚመጣው ሳምንት ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ ውሉን ሲፈርም፣ ከዋጋው በታች አንድ መስመር እንዲጨምር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሥራው የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ሰዓት ነው።